የአሮጌ ካሚዮን ጥቀርሻ ከወዴት ይመጣል?
ስለ ምርመራውና ስለ ጽዳቱ

ከምጽዋ ወደብ ተነሥቶ በዶጋሊ፥ በጊንዳዕና በነፋሲት በኩል አሥመራ የሚደርሰው የመኪና መንገድ ርዝመቱ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርዝመቱ ብቻ ቢታይ የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ የሚያስደንቀውስ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደ ላይ መውጣቱ ነው። ስለዚህም ይህ ዳገት የነጂውን ትዕግሥትና የሞተሩን ጤንነት አብሮ የሚፈትን መንገድ ነው። ዕቃውን በወደብ አስጭኖ በደጋው ገበያ የሚጠብቅ ነጋዴ፥ ካሚዮኑ ጥቁር ጭስ እየተፋ፥ በየመጠምዘዣው ማርሽ እየቀነሰ፥ ከሌሎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ሲደርስ ባየ ጊዜ፥ ኪሳራውን የሚቈጥረው በናፍታው ብቻ አይደለም፤ በዘገየው ዕቃ፥ ባመለጠው ገበያና በጋራዡ ደጃፍ በሚጠብቀው ሒሳብ ጭምር ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ በጋራዥ ዘወትር የሚሰማው ፍርድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ሞተሩ አርጅቷልና ተፈትቶ ይታደስ» የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው «የአየር መግቢያው ጥቀርሻ ይዟልና ይጠረግ» የሚል ነው። የመጀመሪያው ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፤ ሁለተኛው ጥቂት ያስወጣል። ነገር ግን ሁለቱም ያለ ምርመራ የተሰጡ እንደሆነ ባለንብረቱን መጉዳታቸው አይቀርም። የታደሰው ሞተር መታደስ ያላስፈለገው ሊሆን ይችላል፤ የተጠረገውም ጥቀርሻ በምን በኩል እንደ ገባ ካልታወቀ፥ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ በቦታው ይገኛል። በአሮጌ ካሚዮን የአየር መግቢያ ውስጥ የሚገኝ ጥቀርሻ የበሽታው ምስክር ነው፤ ምስክርም ቃሉ ሳይሰማና ሳይጻፍ ከችሎት አይሰናበትም።

ሞተር እንዴት ይተነፍሳል?

የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በኤሌክትሪክ ፍንጣሪ አይቀጣጠልም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ያሳየው ሞተር የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በዚህ ሞተር ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ብቻ ነው፤ ፒስቶኑም አየሩን እጅግ አድርጎ ሲጨቍነው አየሩ ይግላል፤ በጋለው አየር ውስጥ ናፍታ በተረጨ ጊዜ ናፍታው በራሱ ይነዳል። ስለዚህ የሞተሩ ኃይል በናፍታው ብዛት ብቻ አይወሰንም፤ ናፍታውን ፈጽሞ ሊያነድ የሚችል አየር መገኘት አለበት።

የአየሩም ልክ በኬሚስትሪ የታወቀ ነው። አንድ ኪሎ ናፍታ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.5 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። ይህም አየርና ናፍታ ፍጹም ተደባልቀው ቢገኙ ነው፤ በሞተር ውስጥ ግን ለመደባለቅ ያላቸው ጊዜ እጅግ አጭር በመሆኑ፥ ጭስ ሳይታይ እንዲነድ ለአንድ ኪሎ ናፍታ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ አየር መገኘት አለበት። አየሩ ከዚህ ባነሰ መጠን ናፍታው በከፊል ሳይነድ ይቀራል፤ የቀረውም ጥላሸት ሆኖ በጥቁር ጭስ መልክ ይወጣል። እንግዲህ ከማርሚታው የሚወጣው ጥቁር ጭስ ተገዝቶ ኃይል ሳይሰጥ የቀረ ናፍታ ማለት ነው።

የአየሩን ብዛት ለመገመት አንድ ቀላል ሒሳብ ይበቃል። ስፋቱ 10 ሊትር የሆነ የካሚዮን ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ይስባል። በደቂቃ 1,800 ጊዜ ቢዞር በየደቂቃው 9,000 ሊትር፥ በየሰዓቱም ከግማሽ ሚሊዮን ሊትር በላይ አየር በመግቢያው ቧንቧ ያልፋል ማለት ነው። ይህ ሁሉ አየር የሚያልፍበት መንገድ ጥቂት እንኳ ቢጠብ ጉዳቱ ትልቅ ይሆናል። የውስጡ ስፋት 50 ሚሊሜትር በሆነ ቧንቧ ግድግዳ ላይ የ5 ሚሊሜትር ጥቀርሻ ዙሪያውን ቢለጠፍ፥ ቀዳዳው 40 ሚሊሜትር ሆኖ ይቀራል። በዓይን ሲያዩት ጥቂት የጐደለ ይመስላል፤ በሒሳብ ሲታሰብ ግን አየሩ ከሚያልፍበት ስፋት ከመቶ 36 እጁ ጠፍቷል።

ጭስ ሁሉ በሽታ አይደለም

ወደ ምርመራው ከመገባቱ በፊት የአገሩን ጠባይ መለየት ያስፈልጋል። በአሥመራ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በምጽዋ ካለው ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው። የደጋው አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ ጉድለቱ በጥቂቱ ይካሳል፤ ሆኖም ሞተሩ በደጋ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር በቆላ ከሚስበው በክብደቱ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። በብዙዎቹ አሮጌ ካሚዮኖች ላይ ያለው የናፍታ ፓምፕ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም፤ በባሕር ጠረፍ የሚሰጠውን ያህል ናፍታ በተራራውም ራስ ላይ ይሰጣል። ናፍታው እንደ ነበረ፥ አየሩ ግን ጐድሎ ሲገኝ ጭስ መታየቱ የማይቀር ነው።

እንግዲህ መርማሪው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ያጨሳልን?» ብሎ ሳይሆን «የት ያጨሳል?» ብሎ ነው። በቆላው ሜዳ ጭኖ ሲሄድ ጭሱ ጥርት ያለ፥ ከነፋሲት በላይ ባለው ዳገት ግን ነጂው በከባድ ማርሽ መርገጫውን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ብቻ የሚያጨስ ካሚዮን፥ በሽተኛ ሊባል አይገባውም። መድኃኒቱም ማርሹን በጊዜው መቀነስና ኑሮው በደጋ ከሆነ የፓምፑን የናፍታ ልክ በዐዋቂ ማስቀነስ ነው። በምጽዋ ሜዳ ላይ ገና ዳገቱን ሳይጀምር በጥቁር ጭስ የሚታጠነው ካሚዮን ግን ያለ ጥርጥር ምርመራ ያስፈልገዋል።

ጥቀርሻው የሚገባባቸው በሮች

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በተሠሩ በብዙ የጭነት መኪናዎች ላይ፥ የአየሩን መበከል ለመቀነስ ሲባል የሞተሩ ጭስ በከፊል ተመልሶ ወደ አየር መግቢያው እንዲገባ ተደርጓል። በእነዚህ መግቢያ ውስጥ ጥላሸት መገኘቱ ከአሠራራቸው የመጣ ነው። እንደ ፊያት 682 ያለው፥ በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ በአፍሪካ መንገዶች ረጅም ዕድሜ ያገኘው ባለ ስድስት ሲሊንደር ካሚዮን ግን ይህ ዓይነት ሥራት የለውም። በእርሱና በዘመን ጓደኞቹ መግቢያ ውስጥ ሊያልፍ የሚገባው አየር ብቻ ነው። ስለዚህ ወፍራም ጥቀርሻ ከተገኘ የተከፈተ በር አለ ማለት ነው፤ በሮቹም አምስት ናቸው።

አንደኛው በር የሞተሩ ሆድ መተንፈሻ ነው። የፒስቶኑ ፋሻዎች ባለቁ ጊዜ የነደደው ጋዝ በፒስቶኑ ጐን ሾልኮ ወደ ዘይቱ ማጠራቀሚያ ይወርዳል፤ ከዚያም የዘይት ጉም ይዞ በመተንፈሻው ይወጣል። መተንፈሻው ከአየር መግቢያው ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይህ ጉም ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

ሁለተኛው በር የአየር ማጣሪያው ራሱ ነው። በአሮጌ ካሚዮኖች ላይ ያለው ማጣሪያ ብዙ ጊዜ በሥሩ ዘይት የሚቀመጥበት ነው፤ አየሩ በዘይቱ ላይ ሲያልፍ አቧራውን ጥሎ ይሄዳል። ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ከተሞላ ወይም እጅግ ቀጭን ከሆነ ግን ሞተሩ ከአየሩ ጋር ዘይቱንም ይስባል።

ሦስተኛው በር የመግቢያው ቫልቮላ ዘንግ የሚመላለስበት እጀታ ነው። እጀታው በሰፋ ጊዜ ዘይት በዘንጉ ላይ ወርዶ በጋለው የቫልቮላ ጀርባ ላይ ይጠበሳል።

አራተኛው በር ሳይገጥም የቀረ የመግቢያ ቫልቮላ ነው። የቫልቮላው ክፍተት ከልኩ ጠብቦ እንደሆነ ወይም ማረፊያው ተቃጥሎ እንደሆነ፥ በሲሊንደሩ ውስጥ የተነሣው እሳት ወደ ኋላ ተመልሶ በመግቢያው ይተነፍሳል።

አምስተኛው በር የታፈነ የጭስ መውጫ ነው። ማርሚታው በውስጡ ከተደፈነ ወይም በቍልቍለት ሞተሩን ለማገድ በጭስ መውጫው ላይ የሚዘጋው ፍሬን ዝገት ይዞት በግማሽ ተዘግቶ ከቀረ፥ ጭሱ መውጫ ያጣል። የመግቢያውና የመውጫው ቫልቮላ ለጥቂት ጊዜ አብረው በሚከፈቱበት ቅጽበት የታፈነው ጭስ ወደ መግቢያው ይመለሳል።

ዘይት ብቻውን ሲገባ ቧንቧውን ያረጥባል እንጂ አይደፍንም፤ ደረቅ ጥላሸትም ብቻውን እንደ ዱቄት ነው። ሁለቱ ተገናኝተው በሙቀት ሲጠበሱ ግን እንደ ሬንጅ ይጣበቃሉ፤ ውለው ሲያድሩም ይደነድናሉ። ብዙ ጊዜ የሚደፍነው ወፍራም ጥቀርሻ የሁለት በሮች አብሮ መከፈት ውጤት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ከርካሹ ወደ ውዱ የሚሄድ ምርመራ

የመልካም ምርመራ ሕጉ አንድ ነው፤ ምንም የማያስወጣው ይቀድማል፥ ሞተር የሚያስፈታው መጨረሻ ይሆናል።

በመጀመሪያ የጭሱ ቀለም ይታያል። ጥቁር ጭስ የአየር ማነስ ወይም የናፍታ መብዛት ነው። ሰማያዊ ጭስ የዘይት መቃጠል ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይለቅ ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍታ ወይም ወደ ሲሊንደሩ የገባ ውኃ ሊሆን ይችላል። ጥቁርና ሰማያዊ ተቀላቅለው የሚታዩ እንደሆነ ዘይትም ጥላሸትም አለና የመግቢያው ጥርጣሬ ይጠነክራል።

ቀጥሎ የአየር ማጣሪያው ይከፈታል። በሥሩ ያለው ዘይት በአቧራ ጭቃ ሆኖ እንደሆነ በናፍታ ታጥቦ፥ ደርቆ፥ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ብቻ ይሞላለታል። የቆላው አቧራ ብዙ በሆነበት ወራት ይህ ሥራ በየሳምንቱ ሊያስፈልግ ይችላል። ብዙ ጊዜ የምርመራው መጨረሻ እዚህ ይሆናል፤ የታፈነ ማጣሪያ ጥቁር ጭስ ያስወጣልና። የማጣሪያውን መታፈን በልክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ጥርት ያለ ቱቦ እንደ ፈረስ ጫማ አጥፎ፥ እስከ ግማሹ ውኃ ሞልቶ፥ አንዱን ጫፍ ከማጣሪያው በኋላ ካለው ቧንቧ ጋር ማያያዝ ይችላል። ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር በሁለቱ ወገን ያለው ውኃ ከፍታው ይለያያል። ልዩነቱ ወደ 500 ሚሊሜትር ከደረሰ ማጣሪያው አየር እየከለከለ ነው ማለት ነው፤ ትክክለኛው ልክ ግን በፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው ነው።

ሦስተኛው ሞተሩ ሞቆ እየዞረ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን በዝግታ ማንሣት ነው። ጥቂት ትንፋሽ የተለመደ ነው፤ እንደ ምድጃ ጢስ እየተግተለተለ የሚወጣ እንደሆነ ግን ፋሻዎቹ አልቀዋል።

አራተኛው ጆሮ ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ከአየር መግቢያው በኩል በልክ የሚመላለስ «ፕፍ፥ ፕፍ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፥ ከመግቢያው ቫልቮላዎች አንዱ አይዘጋም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የቫልቮላዎቹ ክፍተት በፋብሪካው ልክ ይመረመራል፤ ይህም የአንድ ሰዓት ወይም የሁለት ሰዓት ሥራ ነው።

አምስተኛው የጭስ መውጫውን መመርመር ነው። የሞተሩ ፍሬን ክዳን ፈጽሞ መከፈቱ በእጅ ይሞከራል። ማርሚታው ለጊዜው ተፈትቶ ካሚዮኑ ቢሞከርና ኃይሉ ቢመለስ፥ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አየሩን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ቧንቧ ይፈታል፤ ይህ ቧንቧ የምርመራው ዋና መዝገብ ነው። ጥቀርሻው በስድስቱም ቀዳዳ እኩል ተለጥፎ ቢገኝ ምክንያቱ የጋራ ነው፤ ማጣሪያው፥ መተንፈሻው ወይም የታፈነው ጭስ መውጫ ይጠረጠራል። በአንዱ ወይም በሁለቱ ቀዳዳ ብቻ ቢከማች ጥፋቱ የእነዚያው ሲሊንደሮች ቫልቮላ ወይም እጀታ ነው። ጥቀርሻው ጣትን የሚያረጥብ ከሆነ ዘይት፥ ደርቆ የሚበን ከሆነ የተመለሰ ጭስ ይመሰክርበታል። ይህ ሁሉ ከመጠረጉ በፊት ተጽፎ ቢቀመጥ፥ የሚቻልም ከሆነ ፎቶግራፍ ቢነሣ እጅግ ይጠቅማል፤ ከተጠረገ በኋላ ማስረጃው የለምና።

ሁለት ካሚዮኖች፥ ሁለት ምክንያቶች

ነገሩን ለመግለጽ አንድ ነጋዴ ሁለት አንድ ዓይነት ካሚዮኖች አሉት እንበል። ሁለቱም ያጨሳሉ፤ ሁለቱም ዳገት አቅቷቸዋል። ጋራዡም የሁለቱንም አየር መግቢያ ጠርጎ ሒሳቡን ተቀብሏል። ሁለቱም ለጥቂት ሳምንታት ተሽሏቸው ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን ሁለቱም እንደ ቀድሞው ሆኑ። ነጋዴውም ተስፋ ቈርጦ ሁለቱንም ሞተር ለማሳደስ ዕቃ ወደ ማዘዝ ተቃረበ።

በሁለተኛው ጊዜ ግን ከመጠረጉ በፊት ምርመራው በሥርዓት ተደረገ። በመጀመሪያው ካሚዮን ጥቀርሻው በስድስቱም ቀዳዳ እኩልና ደረቅ ሆኖ ተገኘ፤ የዘይት ክዳኑም ሲነሣ ትንፋሹ ጥቂት ነበር። የጭስ መውጫው ፍሬን ቢታይ ክዳኑ ዝጎ በግማሽ ተዘግቶ ቀርቷል። ክዳኑ ተፈትቶ፥ ከዝገቱ ተጠርጎ፥ መመላለሻው ተቀብቶ ሥራው በአንድ ቀን አለቀ። በሁለተኛው ካሚዮን ደግሞ ጥቀርሻው እርጥብ ነበር፤ ከመተንፈሻው ቱቦ ዘይት ይንጠባጠባል፥ የዘይት ክዳኑም ሲነሣ ጢሱ ይግተለተላል። የዚህ ሞተር ፋሻዎች በእውነት አልቀዋል፤ መታደስም የሚገባው እርሱ ነው። ነጋዴው ሁለት ሞተር ሊያሳድስ ተነሥቶ አንድ ብቻ አሳደሰ። የሁለቱ ካሚዮኖች ጭስ በመልኩ አንድ ዓይነት ነበር፤ የለየው በቧንቧው ውስጥ የተገኘው ምስክር ነው።

ስለ ጽዳቱ

ምክንያቱ ከታወቀና ከታረመ በኋላ ጽዳቱ ይከተላል። ሞተሩ መቀዝቀዝ፥ የባትሪውም ሽቦ መለየት አለበት። አከፋፋዩ ቧንቧ ተፈትቶ እንደ ወጣ፥ በቴስታታው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናሉ። የጨርቁ ቍጥር ይጻፋል፤ ስድስት ገብቶ አምስት ቢወጣ ሞተሩ ሊነሣ አይገባምና።

ቧንቧው ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያሻል። ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ከሆነ በሙቅ ውኃ በተሟሟ ሶዳ ካውስቲካ ውስጥ ሊዘፈዘፍ ይችላል፤ የሚሠራውም ሰው ዓይኑንና እጁን መሸፈን አለበት። አሉሚኒዮም ከሆነ ግን ሶዳው ብረቱን ራሱን ይበላዋልና ፈጽሞ ሊነካው አይገባም። ለአሉሚኒዮም በናፍታ ወይም በነጭ ጋዝ አንድ ሌሊት መዘፍዘፍ፥ ከዚያም በእንጨት ወይም በናስ መፋቂያ መፋቅ ይበቃል። ጠንካራ የብረት መፋቂያ ገጹን ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረ ገጽም ጥቀርሻን ቶሎ ይይዛል። በመጨረሻ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ፈጽሞ ይደርቃል።

በቴስታታው ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች መጥረግ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የሚጠረገው ሲሊንደር የመግቢያ ቫልቮላው እስኪዘጋ ድረስ ሞተሩ በእጅ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ጨርቁ ወጥቶ የዚያ ቀዳዳ ጥቀርሻ ተፍቆ በአየር መሳቢያ ይወሰዳል። በናፍታ ሞተር ውስጥ ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲደርስ በእርሱና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። የስንዴ ቅንጣት የምታህል ደረቅ ጥቀርሻ ወይም ከሽቦ ብሩሽ የተነቀለች አንዲት ክር ወደ ውስጥ ብትወድቅ፥ በቫልቮላው ማረፊያ ሥር ገብታ እንዳይዘጋ ልታደርገው፥ ወይም የሲሊንደሩን ግድግዳ ልትቧጭረው ትችላለች።

መልሶ በሚገጠምበት ጊዜ አዲስ ጓርኒሲዮን ይደረጋል፤ ቡሎኖቹም ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር በየተራ ይጠብቃሉ። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ የሚታየው ለማያውቀው ሰው ነው። ከማጣሪያው በኋላ የሚገኝ ጥቂት ክፍተት ያልተጣራ አቧራ ወደ ሞተሩ ያስገባል፤ አቧራውም ሲሊንደሩንና ፋሻውን እንደ ወፍጮ ይፈጫል። ጥቀርሻ ለመጥረግ ተፈትቶ በደንብ ሳይገጠም የቀረ ቧንቧ፥ ከጥቀርሻው የበለጠ ጉዳት ያመጣል።

ሊደረግ የማይገባው

አንዳንድ ሠራተኛ ቧንቧውን ላለመፍታት ሲል ሞተሩን አስነሥቶ በአየር መግቢያው በኩል ቤንዚን ወይም ሌላ ማሟሟያ ይረጫል። በናፍታ ሞተር ላይ ይህ ሥራ እጅግ አደገኛ ነው። የናፍታ ሞተር ያገኘውን የሚነድ ነገር ሁሉ ያቃጥላል፤ በመግቢያው በኩል የሚገባለት ነዳጅ እያለ የናፍታው ፓምፕ ቢዘጋም እንኳ አይቆምም። ፍጥነቱ ከልኩ አልፎ ሞተሩ ሊሰባበር ይችላል። በመግቢያው ቧንቧ የተጠራቀመ ብዙ ዘይትም ተስቦ ሲገባ ይህንኑ ያደርጋል። እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ጊዜ ሞተሩን የሚያቆመው አየሩን መከልከል ነው፤ መግቢያው በጠንካራ ሳንቃ ይደፈናል እንጂ እጅ ወይም ልብስ አይቀርብለትም። ከዚህም በቀር ፈሳሽ ነገር እንደ አየር አይጨቈንም፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ብዙ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ከተገኘ የፒስቶኑን ክንድ ያጐብጣል።

የሠራተኛውም ጤና መዘንጋት የለበትም። የዓለም የጤና ድርጅት ክፍል የሆነው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2012 ዓ.ም. የናፍታ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል መሆኑን ወስኗል። ስለዚህ ደረቁን ጥላሸት በአየር ግፊት እየነፉ ጋራዡን በሙሉ ማጠን ሊቀር ይገባዋል። ጥላሸቱ በናፍታ ረጥቦ ይፋቃል፤ ሠራተኛው አፍንጫውንና አፉን ይሸፍናል፤ እጁንም ሳይታጠብ እህል አይቀምስም።

ለባለንብረትና ለአስተዳዳሪ

የካሚዮን ባለቤት ወይም የመንግሥት መኪናዎች ኃላፊ መካኒክ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ የሚጠበቅበት መጠየቅና መጻፍ ነው። ለእያንዳንዱ ካሚዮን አንድ ደብተር ይበቃዋል። በደብተሩም የተሞላው ናፍታ፥ የተጨመረው ዘይት፥ የተሄደው ኪሎ ሜትርና የአየር ማጣሪያው የታጠበበት ቀን ይጻፋል። በሁለት ጉዞ መካከል የሚጨመረው ዘይት ቀስ በቀስ እየበዛ መሄዱ በደብተሩ ላይ የሚታየው ጭሱ ከመክፋቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ በዚያን ጊዜ የተያዘ ጉዳት በጥቂት ወጪ ይታረማል።

ከጋራዥም የሚቀበለው ሒሳብ «ጥቀርሻ የተጠረገበት» የሚል ብቻ እንደሆነ ሊበቃው አይገባም። ጥቀርሻው በየትኛው ቀዳዳ እንደ ተገኘ፥ እርጥብ ወይስ ደረቅ እንደ ነበረ፥ በምን በኩል እንደ ገባና ያ በር እንዴት እንደ ተዘጋ በሒሳቡ ላይ እንዲጻፍለት መጠየቅ መብቱ ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው መካኒክ ሥራውን ያወቀ ነው፤ ገንዘቡም ይገባዋል። ከተጠገነም በኋላ ካሚዮኑ የሚፈተነው በጋራዡ ግቢ ውስጥ ባዶውን በመዞር አይደለም፤ ቀድሞ ያቃተውን ያንኑ ጭነት ይዞ፥ ያንኑ ዳገት፥ በዚያው ነጂ ይወጣል። የወሰደበት ሰዓትና የጨረሰው ናፍታ ከደብተሩ አሮጌ ገጽ ጋር ሲመሳከር፥ ገንዘቡ በሥራ ላይ መዋሉ ወይም መባከኑ ያን ጊዜ በግልጽ ይታወቃል።